ተቀበል! ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወሬ ለሚጠፋባችሁ

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ላለው ሰው ነው። ሰላምታ ላይ ማንም አይችለንም፣ እንዴት ነህ ደህና ነህ ሰላም ነው ቤተሰብ እንዴት ነው ስራስ እግዚአብሔር ይመስገን እያልን ሁለት ደቂቃ እንነዳዋለን፣ ከዛ ሰላምታው ያልቅና ሁለታችንም ጣናን አሻግረን ማየት እንጀምራለን። እሱ ስልኩን ያወጣል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። "በል እሺ" "እሺ በቃ" ተባብለን እንለያያለን። ቤት ስገባ ታዲያ የምለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣልኛል፣ ምን ዋጋ አለው።

ለረጅም ጊዜ ችግሬ ወሬ ማጣት ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ ሰው ከማግኘቴ በፊት ስልኬ ላይ ርዕስ ጽፌ የምወጣበት ጊዜ ነበር። ኳስ፣ የቤት ኪራይ፣ የሆነ ፊልም። ሰውዬው እያወራ እኔ በሆዴ ቀጣዩን ርዕስ እየፈለግኩ ነው፣ ስለዚህ ያለውን አልሰማሁም፣ ስላልሰማሁ መልስ የለኝም፣ መልስ ስለሌለኝ ወደ ዝርዝሬ እመለሳለሁ። እንደዛ ነው የሚያዞረው።

የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የዛሬ ስንት አመት ከአዲስ አበባ ወደ ባህር ዳር ስመጣ፣ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ገና ከከተማ ሳንወጣ "ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ አይደል ልጄ" አሉኝ። "አዎ አባቴ" አልኩ። አለቀ። የአባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስንም። እዛ ከሳቸው ወዲያ ማዶ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ገባች፣ ሽማግሌው ያቺኑ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ደገሙላት፣ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። እሷ "ቀድሞ ገባ! ለእርስዎ ስራ ለደግ ነው ለክፉ አባባ?" አለቻቸው። ከዛ በኋላ ሰውዬው አላቆሙም። ለካ የታንኳ ሰው ናቸው፣ ደንገል እንዴት እንደሚታጨድ፣ ካልደረቀ እንደማይሆን፣ ታንኳ ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድና ከጥቂት ወር በኋላ አዲስ መስራት እንደሚያስፈልግ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ላይ ምን እንደሚመስል... ባህር ዳር መናኸሪያ እስክንደርስ ሴትየዋ እየሳቀች ነው የመጣችው። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ በጆሮዬ ስለቅም ነበር። የተሰጠን አንድ አይነት ቃል ነው፣ እሷ ተቀበለችው፣ እኔ መሬት ጣልኩት።

ኢምፕሮቭ የሚባለውን ነገር ያወቅኩት ከዛ በኋላ ነው። ስክሪፕት የሌለው ቲያትር ነው በአጭሩ፣ ተዋናዮቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ምን እንደሚሉ አያውቁም፣ አንዱ የሆነ ነገር ይላል፣ ሌላው እሱን ይዞ ይቀጥላል። ብዙዎቹን ጨዋታዎች የጀመረችው ቫዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት ናት፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ቋንቋና ባህላቸው ከተለያየ የስደተኛ ልጆች ጋር ስትሰራ ነው ጨዋታ እንደ ትምህርት መጠቀምን ያዳበረችው። ልጇ ፖል ሲልስ ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. ሰከንድ ሲቲ የሚባለውን ቲያትር ቤት ከጓደኞቹ ጋር መሰረተ። በሌላ በኩል ኪት ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ፣ መጀመሪያ ለንደን በኋላ ካናዳ ያስተማረ፣ ስለሱ ወደታች እመጣለሁ። ዋናው ህጋቸው በነሱ ቋንቋ "እሺ፣ እና" የሚል ነው። ጓደኛህ ያመጣውን ነገር እሺ ብለህ ትቀበላለህ፣ ከዛ የራስህን ትጨምራለህ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ችግር አለ። የኛ "እሺ" እኮ በር መዝጊያ ነው! ቢሮ ሄደህ "እሺ ነገ ና" ሲሉህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እናትህ ዝም ብላ "እሺ" ካለችህ አልሰማችህም ወይም ተቀይማሃለች። እሺ ይበልጣል ከሺ የሚለው ተረት ለሽምግልና ይሁን፣ ለወሬ ግን ባዶ እሺ ገዳይ ነው። ስለዚህ እኔ "እሺ፣ እና" የሚለውን ትቼ ያገራችንን ቃል ወሰድኩ፣ ተቀበል።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይሄን ያውቀዋል። አንዱ ጠጪ ከተቀመጠበት "ተቀበል!" ይልና ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው እንዳለ ይደግመዋል፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ከዛ የራሱን ይጨምርበታል። እዚሁ ባህር ዳር አንድ ምሽት ጓደኛዬ እኔን እያየ ተቀበል አለና እንዲህ አለ፦

ጣና ዳር ተቀምጦ ውሃ ጠማኝ ይላል፣
አፉን ሳይከፍትማ ማን ያጠጣዋል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዝማሪው ደገመው፣ አጠገቤ መጥቶ ቆሞ እንደገና ደገመው፣ እኔ መመለሻ ግጥም ሲጠፋኝ ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ለጥፌ ተገላገልኩ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አዝማሪው የሰውን ግጥም ለምን ይደግመዋል? አንደኛ ሰው እንዲሰማ። ሁለተኛ ደግሞ እየደገመ እያለ ያስባል! ጊዜ እየገዛ ነው። ይሄ ሚስጥር ለኔ አይነቱ ሰው ወርቅ ነው።

እንግዲህ አደራረጉ እንዲህ ነው። ሰው ካለው ነገር ውስጥ አንድ ቃል ትደግማላችሁ፣ በሱ ላይ አንድ ነገር ትጨምራላችሁ፣ ጥያቄም ሊሆን ይችላል የራሳችሁ ነገርም ሊሆን ይችላል። ልምምዱን ባጃጅ ውስጥ ጀምሩት። አምስት ደቂቃ ነው፣ ሰውዬውን ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ቢበላሽ ትወርዳላችሁ። ለምሳሌ ሹፌሩ "ዛሬ ቤንዚን ሰልፍ አራት ሰዓት ቆምኩ" አለኝ። የድሮው እኔ "አይ... ምን ይደረግ፣ ከባድ ነው" ብሎ ይዘጋው ነበር (ምን ይደረግ የሚለው ቃል ስንት ወሬ እንደገደለ)። የዛን ቀን ግን "አራት ሰዓት! ምን ስትሰሩ ነው አራት ሰዓት የሞላው?" አልኩት። "ካርታ ስንጫወት" አለ። "ሶስት መቶ ብር ተበላሁ።" "ሶስት መቶ? ከቤንዚኑ ካርታው ወደደብህ በለኛ።" መሪውን ይዞ እስኪንገዳገድ ሳቀ፣ ኧረ መንገዱን እይ አልኩት። ልብ በሉ እኔ ምንም ቀልድ ይዤ አልገባሁም፣ ሶስት መቶውን የሰጠኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ለአማርኛ ልኩ የተሰፋ ነው እላለሁ። የመጨረሻ ቃል ጨዋታ ነው። ጓደኛህ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ አንተ በመጨረሻ ቃሉ ትጀምራለህ። ቀላል ይመስላል አይደል፣ ግን በኛ ቋንቋ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። "ትናንት ዘጌ ልሻገር ብዬ በጠዋት ወደብ ወርጄ ጀልባው..." እስከዚህ ድረስ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ቆሞ ጠበቀው ይሁን ጥሎት ሄደ ይሁን፣ ሁሉም ነገር ያለው ጭራው ላይ ነው። እኛ ግን መሃል ላይ "እኔም እኮ ባለፈው ዘጌ..." ብለን እንገባለን፣ የሰውየው ጀልባ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ለአስር ደቂቃ ሞክሩት፦

"ጀልባው ጥሎኝ ሄደ።"
"ሄደ ካልከኝማ ያን ቀን ቆሮሶ ስትበላ ዋልክ ማለት ነው።"
"ማለት ነው አትበል፣ ኪሴ ውስጥ የመሳፈሪያ ብቻ ነበረች።"
"ነበረች? አሁንስ የት ገባች?"

መጀመሪያ ቀፋፊ ነው፣ እንደ ሮቦት ያስወራል። ግን ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ጆሮአችሁ ሳታዙት እስከ ነጥቡ ድረስ መጠበቅ ይጀምራል። እውነተኛ ወሬ ላይ ቃሉን መድገም አያስፈልግም፣ መጠበቁ ብቻ ይበቃል። አንዳንዱ ሰው እኮ ዝም ብለህ ስትጠብቀው ግራ ይገባዋል፣ አስጨርሶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ።

አንድ ቃል አንድ ቃል እየተቀባበሉ ታሪክ መስራት የሚባል ጨዋታም አላቸው ፈረንጆቹ፣ እኛ ሞክረነው አልሄደልንም፣ አማርኛ ቃሉ ላይ ፊትም ኋላም ስለሚቀጥል አንዱ "ልጁ" ሲል ሌላው "ን" የሚለውን ማን ይጨምር ብሎ ይጨቃጨቃል። በዓረፍተ ነገር አድርጉት። ተረት ተረት፣ የላም በረት ብላችሁ ጀምሩና አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር። ህጉ አንድ ብቻ ነው፣ ያለፈው ሰው ጅቡን ሐኪም ካደረገው አንተ ጋ ሲደርስ ጅቡ ሐኪም ነው፣ አለቀ። "ኧረ ጅብ ሐኪም አይሆንም" ያለ ሰው ቡናውን ይከፍላል። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ሆነን ሐይቁ ዳር ዛፍ ስር ጀበና ቡና እየጠጣን ነው የምንጫወተው፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ከኛ በላይ ጎበዝ ሆና ቁጭ አለች፣ ሲኒ እያጠበች ከጀርባችን ጣልቃ ትገባለች።

"ምን አዲስ ነገር?" ሲሉን የምንመልሰው መልስም መስተካከል አለበት። ሁላችንም "ምንም፣ እንዳለ ነው" ነው የምንለው። ይሄ ትህትና ይመስለናል ግን ሰውየውን ባዶ እጁን ነው የምንሸኘው። ኢምፕሮቭ ውስጥ የምትለው ነገር ሁሉ ለጓደኛህ ስጦታ ነው፣ ስጦታው ደግሞ በጥርት ያለ ነገር ነው የሚያምረው። በየቀኑ አንዲት ትንሽ እውነተኛ ነገር ያዙ፣ ትልቅ መሆን የለባትም። "ዛሬ ባጃጅ ውስጥ በቀኜ ሴትዮ በግራዬ ዶሮ ሆኜ መጣሁ፣ ዶሮዋ ናት የተሻለች ተሳፋሪ።" በቃ። ሰውየው ከዚህ ውስጥ ዶሮዋንም ባጃጁንም በዓሉንም የዶሮ ዋጋንም ማንሳት ይችላል። አሳ በላሁ ከምትሉ ቆሮሶ ጥብስ በላሁ በሉ፣ እሾኹ ጉሮሮዬ ላይ ሊቀር ነበር በሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እየተባልን ስላደግን ስለራሳችን ትንሽ ነገር መናገር ጉራ ይመስለናል። ዶሮ አጠገብ መቀመጥ ምን ጉራ አለው?

አሁን ወደ ጆንስተን። ይሄ ሰውዬ የተዋናዮቹ ትወና ደረቅ ሲሆንበት አንድ ነገር አዘዛቸው፣ ከጓደኛችሁ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ተጫወቱ አላቸው፣ ወዲያው ሕይወት ያለው ንግግር ሆነ። ስታተስ ይለዋል፣ ደረጃ እንደማለት። ሲናገሩ ራስን ቀጥ አድርጎ አለማንቀሳቀስ ከፍ ያደርጋል፣ ፊትን መነካካት ዝቅ ያደርጋል፣ እንዲህ እንዲህ የሚል ነው። እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ፣ እኛ እኮ ስታተሱን ግሱ ውስጥ ከትተነዋል! አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ እያልን "ኖር!" ስንል፣ እሳቸው "በእግዜር!" ሲሉ፣ ያ ሙሉ ትዕይንት ነው። ሰውየውን ከፍ አደረግናቸው፣ እሳቸው ደግሞ እንዳንነሳ በእግዜር አስምለው ዝቅ ብለው ተቀበሉን።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዱ ይቀመጥ፣ ሌላው መጥቶ "እዚህ መቀመጥ ይቻላል?" ይበል። አንዴ እንደ ባለቤት፣ አንዴ እንደ ተማሪ፣ አንዴ ደግሞ ከተቀመጠው ሰው በግማሽ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብሎ። ግማሽ ደረጃ የምትለዋ ናት ከባዷ። እኛ ወይ መሬት እንሳማለን ወይ ተራራ ላይ እንወጣለን። ቢሮ መስኮት ላይ ያለች የደከማት ሴትዮ "ፎርሙ ተሳስቷል" ስትል ቱግ ማለት አለ፣ መለማመጥ አለ፣ መሃሉ ደግሞ "ሶስተኛዬ ነው ያበላሸሁት እትዬ፣ እርስዎ ካላሳዩኝ አራተኛም መምጣቴ ነው" ማለት ነው። በራስ ላይ የሆነች ትንሽ ቀልድ ሰውን ታዝናናለች፣ ማንንም አታዋርድም። በተቃራኒው ደግሞ ከናንተ በታች ለሚሰማው ሰው ከፍ የሚልበትን ስጡት። እኔ አንድ አዲስ የገባ አስተናጋጅ ልጅ ላይ ሳላውቀው እንደ አለቃ እያወራሁ ቆይቼ፣ ዓይኑን ከመሬት አላነሳ ሲል ነው የገባኝ። "አንተ ብትሆን ከዚህ ሁሉ አሳ የትኛውን ትበላ ነበር?" ስለው ቀና አለ፣ ለካ የአሳ አጥማጅ ልጅ ነው፣ ከዛ እሱ አስተማሪ እኔ ተማሪ ሆንን።

ስለ መሳሳት ደግሞ። ሰው እንዳይናገር የሚያደርገው ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱ ደግሞ ልሳሳት ነው የሚለው ነው። ለዚህ ክብ ሰርታችሁ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጠሩ፣ ተራ የለም፣ ማንም በፈለገ ጊዜ ቀጣዩን ቁጥር ይጥራ፣ ሁለት ሰው እኩል ከጠራ ከአንድ ትጀምራላችሁ። ስትሳሳቱ ሁላችሁም እጃችሁን ወደላይ አንስታችሁ እልል በሉ። ሃይቅ ዳር የሚያልፍ ሰው እብድ ይላችኋል፣ ይበል። ወይ ደግሞ ልጅ ሆነን የተጫወትነውን እንካ ሰላንቲያ መልሱት፦

"እንካ ሰላንቲያ!"
"በምንቲያ?"
"በቆሮሶ!"
"ምን አለህ በቆሮሶ?"
"ወሬህን የሰማ ሰው ቤቱ ገባ አልቅሶ!"

ቤት ባይመታም ቶሎ መልሱ፣ ያልተመታው ቤት ነው የበለጠ የሚያስቀው። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ብትጫወቱት ደግሞ ትሸነፋላችሁ፣ ተዘጋጁ።

አሁን ጥንቃቄ። ተቀበል ማለት በሁሉ ነገር ተስማማ ማለት አይደለም። ብር አበድረኝ ላለ ሰው "ብር! ደግሞ ስንት ልጨምርልህ" አይባልም ሃሃ። ሰውየው የማትስማሙበትን ነገር በንዴት ሲያወራ ንዴቱን ተቀበሉት፣ "በጣም አናዶሃል ማለት ነው" ማለት ሃሳቡን መግዛት አይደለም። ሴቶች ደግሞ መንገድ ላይ ለሚለክፍ ሰው ምንም የመቀበል ግዴታ የለባችሁም፣ ጨዋታ የሚሆነው ሁለቱም ሲጫወቱ ነው። ለቅሶ ቤት ግቡና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ እዛ ንፍሮ መቀበል ይበቃል። ከትልቅ ሰው ጋር ደግሞ ቀልዱን እነሱ እስኪጀምሩት ጠብቁ፣ ከጀመሩት ግን አትልቀቁ፣ የጎጃም ሽማግሌ ወሬ ከጀመረ ቅኔ ነው፣ ሰሙን ስትስቁለት ወርቁ ያልፋችኋል።

የመጨረሻው መውጫ ነው። ኢምፕሮቭ ውስጥ ትዕይንቱ ሳይበርድ ነው የሚቆረጠው። እኛ ደግሞ በል እንግዲህ፣ እሺ በል፣ በል ቻው፣ እሺ እሺ ቻው ቻው እያልን ወሬው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ነው የምንለያየው። ሳቁ ሳለ ውጡ፣ ስትወጡም ከሰውየው ወሬ አንድ ክር ይዛችሁ ውጡ። እኔ ከዛ ባጃጅ ስወርድ "ሶስት መቶውን ስታስመልስ ትነግረኛለህ" ብዬው ነው የወረድኩት። ረስቼው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ መንገድ ልሻገር ስል አንድ ባጃጅ ሰው ጭኖ እየበረረ ሲያልፍ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "መቶ ሃምሳውን አስመለስኩ!" ብሎ ጮኸ።

"ግማሹን ነዋ!" አልኩት።

"ግማሹ ቤንዚን ሲመጣ!" አለና ታጠፈ።